ስም ማስጨመር የሌለበት የቡድን ሥራ በጎግል ዶክስ፤ ከሀ እስከ ፐ

የቡድን ሥራ ሰጥቶ የማያውቅ መምህር የለም። መጨረሻውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአምስቱ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋል። አንዱ የማስጠረዣ ብር ያዋጣል። ሦስቱ «ስሜን እንዳትረሱ» ይላሉ።

ይህን በጎግል ዶክስ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት በሚጽፍበት ሰነድ፣ ለማስቀረት ሞክረው የተዉ መምህራን ብዙ ናቸው። «ሊንኩን ላክሁላቸው፣ ማንም አልጻፈም» ይሉኛል። ሲያወሩኝ ቆይተው የሚገባኝ ግን ሊንኩ ከመላኩ በፊት መሠራት የነበረበት ነገር መዘለሉ ነው።

እኔም አልፌበታለሁ። መጀመሪያ ጊዜ 52 ተማሪ አንድ ሰነድ ላይ ለቀቅሁ። ግማሹ ያለ አካውንት ስለገባ ጎግል የእንስሳ ስም ሰጣቸው። ከላይ በኩል ጉማሬና ቀጭኔ ተደርድረው ሳይ ሳቄ መጣ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ግን አንዱ ጉማሬ ገጹን ሙሉ መርጦ አጠፋው። ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ሰነዱ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ሰው ያስተናግዳል፤ ያልቻልኩት እኔ ነበርኩ።

ከታች ያለው መመሪያ 50 ገደማ ተማሪ ላለው ክፍል፣ ለሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ምሳሌው የአካባቢ ሳይንስ ነው። ለታሪክም፣ ለአማርኛም፣ ለዜግነት ትምህርትም ያገለግላል።

መጀመሪያ እነዚህን አሟሉ

ለእናንተ አንድ ኮምፒውተርና የጂሜይል አካውንት ያስፈልጋል። ስልክ ብቻ ይዛችሁ መጀመር ይቻላል። ማረም ላይ ስትደርሱ ግን የማን እጅ የት እንደገባ ለማየት ኮምፒውተር ትፈልጋላችሁ። የትምህርት ቤቱን ላቦራቶሪ ለዚያ ቀን ከአሁኑ አስይዙ።

ለተማሪዎቹ በየቡድኑ ቢያንስ ሁለት ስማርት ስልክ፣ ወይም ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ክፍለ ጊዜ። ግቢው ውስጥ ስልክ የሚከለከል ከሆነ ልምምዱን በላቦራቶሪ፣ ጽሑፉን ቤት አድርጉት።

ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ይህን መንገድ አትጠቀሙ። ጎግል በራሳቸው አካውንት እንዲከፍቱ አይፈቅድም። ዕድሜ ዋሽተው እንዲከፍቱ ደግሞ መምህር መምከር የለበትም።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ቀይሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምታጠፉት እዚህ ነው። ብዙ ሰው ሩብ ሰዓት እንኳ አይሰጠውም።

«ስለ አቃቂ ወንዝ ብክለት ጻፉ» ብላችሁ ብትሰጡ ምን ይሆናል? አንዱ ከኢንተርኔት ገልብጦ በአስር ደቂቃ ይጨርሳል። ለአምስት ሰው የሚበቃ ሥራ የለውም። ተማሪዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም ስም የሚያስጨምሩት፤ ለእነሱ የተረፈ ሥራ ስለሌለ ነው።

ይልቁንም እንዲህ ጠይቁ፦ «በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ገበያ ላይ መሸጡ ይቀጥል ወይስ ይከልከል? ቡድናችሁ አንድ ውሳኔ ላይ ይድረስ።» አሁን ክርክር ተፈጠረ። አንዱ ለገበሬው ይቆማል፣ አንዷ ለበላተኛው። ውሳኔው ላይ ለመድረስ የግድ የሌላውን ክፍል ማንበብ አለባቸው።

ከዚያ ጥያቄውን በአምስት ክፍል ሰንጥቁት፦

ሀ. ውሃው ከየት ወዴት ይሄዳል? ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ በየት በየት አልፈው አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳሉ?
ለ. ከፋብሪካ የሚለቀቀው ምንድን ነው? ቆዳ ፋብሪካ ምን ይጠቀማል?
ሐ. ከመኖሪያ ቤት የሚወርደው ምንድን ነው?
መ. በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለማው ሰው በምን ይኖራል? ቢከለከል ምን ይሠራል?
ሠ. የሚበላው ሰው ላይ ምን ጉዳት ይደርሳል? ማጠብና ማብሰል የቱን ያስወግዳል፣ የቱን አያስወግድም?

የመጨረሻዋ ጥሩ ወጥመድ ናት። ማብሰል ጀርምን ይገድላል፤ እንደ ክሮሚየም ያለውን ከባድ ብረት ግን አያጠፋም። ክሮሚየም ደግሞ ቆዳ ለማልፋት የሚገባ ነገር ነው። ስለዚህ «ሠ»ን የያዘው ተማሪ «ለ»ን ሳያነብ አይጨርስም። ጥያቄ ስትሰነጥቁ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ድልድይ ተዉ።

መሞከሪያ፦ አንዱን ክፍል በእጃችሁ ሸፍኑት። የቀሩት አራቱ ብቻቸውን ውሳኔውን የሚያስጨርሱ ከሆነ የተሸፈነው ክፍል ትርፍ ነው። ቀይሩት።

ደረጃ 2፦ ቡድኑን ራሳችሁ መድቡ

አምስት አምስት አድርጉ። ስድስት ሲሆኑ አንዱ መደበቂያ ያገኛል። ሦስት ሲሆኑ ደግሞ አንዱ ሲታመም ሥራው ይቆማል።

ድሮ የተሠራውን የአንድ ለአምስት ቡድን እንዳለ አትውሰዱ። እዚያ ውስጥ «አንዱ» ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም እሱን ይጠብቃል። ጓደኛሞች ተሰባስበው እንዲገቡም አትተዉ። ጓደኛ ጓደኛውን «አልሠራም» ብሎ አያጋልጥም። ይሉኝታ ነዋ።

በየቡድኑ ስልክ ያለው፣ ሲተይብ ፈጣን የሆነና ጥሩ የሚያነብ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። ክፍሎቹን ከሀ እስከ ሠ በዕጣ አድሉ። ጎበዙ ራሱ መርጦ ቀላሉን ለጓደኛው እንዳይሰጥ ነው ዕጣው።

ደረጃ 3፦ አካውንት ፈትሹ

ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው እዚህ ነው። «ሁላችሁም ጂሜይል አላችሁ?» ስትሉ «አዎ!» ይላሉ። አትመኑ።

ብዙ ተማሪ አካውንቱን የከፈተለት ስልኩን የገዛበት ሱቅ ነው። ስልኩ ላይ ይሠራል፤ ፓስወርዱን ግን አያውቀውም። ላቦራቶሪ ገብቶ ኮምፒውተር ላይ ክፈት ስትሉት ያኔ ይቆማል። ሌላው ሦስት አካውንት አለው፣ የትኛው ስልኩ ላይ እንዳለ አያውቅም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ሥራው ከመጀመሩ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ በጎግል ፎርም አጭር መጠይቅ ሥሩ። ስም፣ ክፍል፣ የቡድን ቁጥር ብቻ።
2. የፎርሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ የኢሜይል አድራሻ በራሱ እንዲሰበስብ አድርጉ፤ «የተረጋገጠ» የሚለውን ምረጡ። በእጃቸው እንዲጽፉ ከተዋችሁ አንዱ «ኮም»ን «ኮን» ብሎ ይጽፈዋል፣ እናንተም ሌሊቱን ሙሉ የጠፋ ተማሪ ስትፈልጉ ታድራላችሁ።
3. ሊንኩን በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላኩ።
4. ያልሞሉትን በስም ጠርታችሁ በአካል አግኙ። እነዚህ ናቸው በኋላ «አልከፈተልኝም» የሚሉት።

ስልክ የሌለው ተማሪ ካለ ከክፍል ፊት አትጠይቁት። ለብቻው አነጋግሩት፣ በደረጃ 7 ያለውን የወረቀት መንገድ ንገሩት።

ደረጃ 4፦ ሰነዱን አዘጋጁ

ባዶ ገጽ አትስጡ። ባዶ ገጽ ላይ አምስት ሰው ሲገባ ማን የት እንደሚጽፍ አያውቅም። አንዱ ሲጽፍ የሌላው ዐረፍተ ነገር ይገፋል። ከዚያ ሁሉም «አንተ ጨርስና እኔ እገባለሁ» ይላል።

አንድ ዋና ሰነድ ሥሩ። በውስጡ ከላይ ወደ ታች እነዚህ ይኑሩ፦

• ጥያቄው፣ የመጨረሻ ቀኑ፣ የነጥብ አከፋፈሉ
• አምስት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ፦ ክፍል፣ የባለቤቱ ስም፣ የአንባቢዎቹ ስም
• ለእያንዳንዱ ክፍል ርዕስና ሥሩ ባዶ ሳጥን
• «የተስማማንበት» እና «ያልተስማማንበት» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች
• ውሳኔው

ሳጥን ስል አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ብቻ ያለው ሠንጠረዥ ማለቴ ነው። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ጠብ ታስቀራለች። ሰው የራሱ አጥር ሲኖረው የሌላውን አይረግጥም።

ፊደሉን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ አድርጉት። ሁለቱም ጎግል ዶክስ ውስጥ በነጻ ይገኛሉ።

ነጥብ አከፋፈሉን አሁኑኑ ጻፉት። እኔ ከ20 እንዲህ እሰጣለሁ፦ ለራስ ክፍል 8፣ ለጓደኛ በተሰጠ አስተያየት 4፣ ለጋራው ውሳኔ 4፣ ለቃል ጥያቄ 4። ጎበዙ ተማሪ ብቻውን ቢሠራ ሙሉ እንደማያገኝ፣ የተደበቀውም የጋራ ነጥቡን ብቻ ይዞ እንደሚቀር አስሉት።

ዋናው ሰነድ ሲያልቅ ለየቡድኑ አንድ አንድ ቅጂ አውጡ። «አቃቂ ቡድን 1»፣ «አቃቂ ቡድን 2» እያላችሁ ሰይሙ። ቅጂውን እናንተ አውጡት፤ ተማሪ ካወጣው ባለቤቱ እሱ ይሆንና ሲፈልግ ያጠፋዋል።

ደረጃ 5፦ ሼር አድርጉ፣ ግን በስም

1. የቡድን 1ን ሰነድ ክፈቱ። ከላይ በቀኝ ያለውን ሼር የሚለውን ተጫኑ።
2. ከፎርሙ ያገኛችሁትን አምስት ኢሜይል አስገቡ። ደረጃቸውን «ኤዲተር» (መጻፍና ማስተካከል የሚችል) አድርጉ።
3. ከታች ያለው አጠቃላይ ፈቃድ «የተገደበ» እንደሆነ ይቆይ። «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን ከመረጣችሁ ጉማሬዎቹ ይመለሳሉ።
4. የማርሽ ምልክቷን ነክታችሁ ኤዲተሮች ፈቃድ እንዲቀይሩና ለሌላ ሼር እንዲያደርጉ የሚያስችለውን ምልክት አንሱ።
5. ላኩ። ለአሥሩም ቡድን ድገሙ።

ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ ይሰለቻል። ይህችን ግማሽ ሰዓት ለማዳን ብሎ ክፍት ሊንክ የለቀቀ ሰው መጨረሻ ላይ ማን ምን እንደጻፈ ማወቂያ የለውም። ያኔ ተመልሶ ስም ማስጨመር ነው።

ደረጃ 6፦ አንድ ክፍለ ጊዜ ተለማመዱ

ቀጥታ ወደ ሥራው አትግቡ። በሌላ መለማመጃ ሰነድ ላይ ቀላል ነገር አጽፏቸው፤ «ትናንት ማታ ምን በላችሁ?» ይበቃል። ሽሮ ሽሮ ሲሉ ፍርሃቱ ይለቃል።

በልምምዱ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ አራት ነገር ማድረጉን በዓይናችሁ እዩ፦

1. ሰነዱን በጎግል ዶክስ መተግበሪያ መክፈት። ቴሌግራም ሊንክ ሲነካ በራሱ ውስጥ ይከፍተዋል፤ እዚያ አካውንቱ የለም። ስለዚህ «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ይመጣል። ከቴሌግራም ይውጡና መተግበሪያው ውስጥ «ለእኔ የተላኩ» የሚለው ጋ ይፈልጉት።
2. በአማርኛ መጻፍ። ጂቦርድ (የጎግል የስልክ ኪቦርድ) ላይ አማርኛ ቋንቋ መጨመሩን አረጋግጡ።
3. የጓደኛን ዐረፍተ ነገር መርጦ ኮሜንት መስጠት።
4. የራስን ስህተት ወደኋላ መመለስ። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልና ዜድ፣ ስልክ ላይ ከላይ ያለችው ጠማማ ቀስት።

እግረ መንገዳችሁን ሰነዱን ያለ ኢንተርኔት መጠቀም እንደሚቻል አሳዩ። መተግበሪያው ውስጥ ከሰነዱ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው «ከመስመር ውጭ» የሚለውን ያብሩ። ዳታ ቢያልቅ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ መጻፍ ይቀጥላሉ። ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይልከዋል።

ደረጃ 7፦ የመጻፊያ ሳምንት

የመጀመሪያው ሳምንት ሕግ አንድ ነው፦ ሁሉም በራሱ ሳጥን ውስጥ ብቻ። የሌላውን አይነካም፣ አያርምም፣ አያሳጥርም። አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ይመጣል።

የመጨረሻ ሰዓቱን ስትናገሩ ተጠንቀቁ። እናንተ «ጥቅምት 15 ማታ 3 ሰዓት» ትላላችሁ። ሰነዱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 25፣ 9 ሰዓት ፒኤም ብሎ ይመዘግበዋል። አንድ ጊዜ «እስከ 9 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ግማሹ ክፍል ከቀኑ 9፣ ግማሹ ከማታው 3 መስሎት ተጣልተናል። ሰነዱ ላይ ሁለቱንም ጻፉ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ሰነዶች ክፈቱና ባዶ ሳጥን ያለውን ስም ያዙ። አጭር ኮሜንት ጻፉለት፦ የ@ ምልክትን አስቀድማችሁ ኢሜይሉን ስታስገቡ ማስታወቂያ ይደርሰዋል። «ሐናን፣ ሳጥንሽ ባዶ ነው። እስከ ነገ ሁለት ዐረፍተ ነገር» ይበቃል። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ በስም አትውቀሱ፤ የተዋረደ ልጅ ጭራሽ ይጠፋል።

ስልክ የሌለው ተማሪ ክፍሉን በወረቀት ይጻፍ። አንድ የቡድን ጓደኛው የወረቀቱን ፎቶ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባና ከሥሩ ይተይብለት። «የጻፈው እገሌ፣ የተየበው እገሌ» ተብሎ ይጻፍ። ፎቶው ማስረጃ ነው። ሁለት ተማሪ በአንድ ስልክ የሚጠቀሙ ከሆነም መተግበሪያው ላይ የራሳቸውን ምስል ነክተው አካውንት እየቀያየሩ ይግቡ፤ ካልሆነ ሁሉም በአንዱ ስም ይመዘገባል።

ሳምንቱ ሲያልቅ የሰነዱን የአሁን ቅጂ በስም አስቀምጡ። ፋይል፣ ከዚያ ቨርዥን ሂስትሪ (ሰነዱ ላይ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያሳየው)፣ ከዚያ የአሁኑን ቅጂ መሰየሚያ። «ረቂቅ 1» በሉት። ነገ ሰነዱ ቢበላሽ መመለሻችሁ ይህ ነው።

ደረጃ 8፦ ኮሜንት የሚባለው ነገር

«ጥሩ ነው፣ በርታ» ኮሜንት አይደለም። ዝም ብላችሁ ኮሜንት ስጡ ብትሉ ግን ይህ ብቻ ነው የሚመጣው። ሰው ጓደኛውን ማስከፋት አይፈልግም። ስለዚህ የሚጀምሩበትን ሐረግ እናንተ ስጧቸው፦

• «ይህን ከየት አገኘኸው?»
• «እኔ ክፍል ላይ የጻፍኩት ከዚህ ጋር ይጋጫል፤ ምክንያቱም…»
• «ይህች ቃል አልገባችኝም፤ በሌላ አነጋገር…»
• «ገበሬው ይህን ቢያነብ ምን ይል ነበር?»

እያንዳንዱ ተማሪ ለሁለት ጓደኞች፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ኮሜንት ይስጥ። ማን ለማን እንደሚሰጥ ሠንጠረዡ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ። ካልጻፋችሁ ሁሉም ቆንጆ የጻፈችው ልጅ ሥር ይሰበሰባል፣ ደካማው ሳጥን ማንም ሳያየው ይቀራል።

ኮሜንት የተሰጠው ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ጽሑፉን ያስተካክላል፣ ወይ ለምን እንደማይስማማ ይመልሳል። ዝም ማለት የለም። ኮሜንቱን ተፈቷል ብሎ የሚዘጋው ደግሞ የጠየቀው ሰው እንጂ የተጠየቀው አይደለም። የተዘጋ ኮሜንት አይጠፋም፤ የኮሜንት ምልክቷን ስትነኩ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 9፦ ውሳኔውን በአካል ያድርጉት

እዚህ ላይ ከስክሪን አውጧቸው። አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡና ክብ ሠርተው ይቀመጡ። አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ ይናገራሉ። መጀመሪያ «ያልተስማማንበት» የሚለውን ሳጥን ይሙሉ። ባዶ ካደረጉት አልተከራከሩም ማለት ነው፤ መልሷቸው።

ሁሉንም በኢንተርኔት ማስጨረስ የሚፈልጉ መምህራን አሉ። እኔ አልስማማም። መረጃ መሰብሰብና ማንበብ በየቤት ይቻላል። አቋምን ማስቀየር ግን ፊት ለፊት ይቀላል፣ ዳታም አይፈጅም።

ሲጨርሱ ሁሉንም ከኤዲተር ወደ ተመልካች ቀይሯቸው። ካልቀየራችሁ ስታርሙ ሰነዱ ሥራችሁ ላይ ይለወጣል።

ደረጃ 10፦ እርማት

ኮምፒውተር ላይ ፋይል፣ ቨርዥን ሂስትሪ፣ ከዚያ ሂስትሪውን ማያውን ክፈቱ። በቀኝ በኩል ቀንና ስም ይደረደራል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም አለው። ከቀኑ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ከነካችሁ ዝርዝሩ ይከፈታል።

ሦስት ነገር ፈልጉ። አንድ፣ ሳጥኑን የሞላው ባለቤቱ ነው ወይስ ሌላ ቀለም? ሁለት፣ ከኮሜንቱ በኋላ ጽሑፉ ተለውጧል? ሦስት፣ አንድ ገጽ ሙሉ በአንድ ቅጽበት ዱብ ብሏል?

ሦስተኛው ላይ አትቸኩሉ። ዱብ ያለ ጽሑፍ ከቻትጂፒቲ ወይም ከሌላ ገጽ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልጁ ስልኩ ማስታወሻ ላይ ጽፎ በኋላ ለጥፎትም ይሆናል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ የተለመደ ነው። ሂስትሪው ጥርጣሬ ይሰጣችኋል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ፍርዱን የቃል ጥያቄው ይስጥ።

የቃል ጥያቄው እንዲህ ነው። ቡድኑ ይቀርባል። እያንዳንዱ ዕጣ አውጥቶ የሌላ ሰው ክፍል ይደርሰዋል። ያንን ክፍል ሁለት ደቂቃ ያስረዳል። ስሙን ብቻ ያስጨመረ ልጅ ሁለት ደቂቃ በጣም ትረዝምበታለች። አሥር ቡድን በሦስት ክፍለ ጊዜ ያልቃል።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ሁሉም ነገር ጠፋ። አትጩኹ፣ ማንም ምንም እንዳይነካ ንገሩ። ቨርዥን ሂስትሪ ገብታችሁ ከመጥፋቱ በፊት ያለውን ሰዓት ምረጡና «ይህን ቅጂ መልስ» የሚለውን ተጫኑ። ኮንትሮልና ዜድ እናንተ ያደረጋችሁትን እንጂ ሌላ ሰው ያጠፋውን አይመልስም።

ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ሆነ። ተማሪው በድሮ የቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፊደል የተጻፈ ነገር ለጥፏል። እነዚያ ፊደሎች ዩኒኮድ (ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው የፊደል ኮድ) አይደሉም፤ ያለ ራሳቸው ፎንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝርክርክ ይሆናሉ። ፎንት በመቀየር አትድከሙ። አጭር ከሆነ እንደገና ይጻፈው፤ ረጅም ከሆነ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መሣሪያ ይጠቀም።

«እኔ ጽፌ ነበር፣ ጠፋብኝ» አለ። ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። ቅጂ አውጥቶ ቅጂው ላይ ሲሠራ ቆይቷል። የራሱ ድራይቭ ውስጥ «ኮፒ» ብሎ የሚጀምር ሰነድ ይፈልግ። ካገኘ ጽሑፉን ወደ ቡድኑ ሰነድ ይለጥፍ፣ የቅጂውን ሂስትሪም ያሳያችሁ።

አንዱ ቡድን ውስጥ ሁለት ሰው ጠፋ። አራተኛው ቀን ላይ ካልታዩ የእነሱን ክፍል ለቀሩት አትደርቡባቸው። ቡድኑ ባሉት ክፍሎች ላይ ተመሥርቶ ይወስን፣ «ይህን መረጃ አላገኘንም» ብሎም ይጻፍ። ነጥብ አይቀነስበት።

ኮሜንት ላይ ተሰዳደቡ። ስክሪንሾት አንሱ፣ ኮሜንቱን አጥፉ፣ ሁለቱን ለየብቻ አነጋግሩ። ሰነዱን ግን አትዝጉ። በሁለት ሰው ምክንያት አርባ ስምንቱ አይቀጣም።

ደረጃ 11፦ ለባልደረባ ስታካፍሉ

«በጣም አሪፍ ነበር» ብላችሁ መምህራን ክፍል ውስጥ ብታወሩ ማንም አይሞክረውም። ሰው የሚሞክረው ተዘጋጅቶ የተሰጠውን ነው። ሁለት ነገር ስጡ፦ ባዶውን ዋና ሰነድና አንድ ገጽ ማስታወሻ።

ማስታወሻው ላይ አራት ነገር ብቻ ይኑር፦ የሰጣችሁት ጥያቄ ቃል በቃል፣ የክፍሉ ብዛትና የነበረው መሣሪያ፣ በየትኛው ቀን ምን እንደተበላሸ፣ በሚቀጥለው ምን እንደምትቀይሩ። ሦስተኛውን አትደብቁ። ለባልደረባችሁ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። የተማሪ ሥራ እንደ ናሙና ከጨመራችሁ ስምና ኢሜይል አውጡ፤ ለዚህም ጽሑፉን በአዲስ ሰነድ ላይ ለጥፉት፣ ዋናውን ከሰጣችሁ በሂስትሪው ውስጥ ስሙ ይታያል።

ዋናውን ሰነድ ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያየው ክፈቱት፤ ተመልካች ብቻ። ከዚያ በአድራሻው መጨረሻ ላይ «ኤዲት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጀምሮ ያለውን አጥፉና በቦታው በእንግሊዝኛ «ኮፒ» ብላችሁ ጻፉ። ሊንኩን የሚከፍተው መምህር የእናንተን ሰነድ ሳይነካ የራሱን ቅጂ እንዲያወጣ ይጠየቃል።

ከመላካችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። በቤት ያለ ሰው ስልክ ይበቃል። «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ከመጣ ሰነዱ ገና ዝግ ነው፤ ተመልሳችሁ ሼሩን አስተካክሉ። «ቅጂ ይውጣ?» ካለ ለባልደረባችሁ ላኩለት።